ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃ እንግሊዝኛ

(ለመምህራን ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ አንድ ወጣት ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ የዩኒቨርሲቲን ደጅ ሲረግጥ፥ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምሮታል፤ ቢዘገይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሌላውን ትምህርት ሁሉ ተምሮበታል። ይህን ያህል ዘመን ሲሰማውና ሲጽፈው የኖረ ቋንቋ ነውና እንግዳ ሊሆንበት አይገባም ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው ሳምንት የዩኒቨርሲቲው መምህር ገብቶ አንድ ሰዓት ተናግሮ ሲወጣ፥ በተማሪው ደብተር ላይ የሚገኘው የዕለቱ ርእስና በሰሌዳው ላይ የተሳሉት ሁለት ሥዕሎች ብቻ ይሆናሉ። ይህ ልጅ በወረዳው አንደኛ ይወጣ የነበረ፥ ወላጆቹም በሬ ሸጠው የላኩት ልጅ ሊሆን ይችላል። ለምን እንዳልገባው ሲጠየቅ «እንግሊዝኛው ከበደኝ» ይላል። የእንግሊዝኛ መምህሩ «ሰዋስው አያውቅም» ይላል፤ የባዮሎጂ መምህሩም «ከታች ሳይማር መጣ» ይላል። ሦስቱም በየፊናቸው ጥቂት እውነት ይዘዋል፤ ይሁን እንጂ ሕመሙ የሚገኝበትን ስፍራ አንዳቸውም በጣታቸው አልነኩትም።

ያ ስፍራ የት እንደ ሆነ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከጠላት ወረራ በፊት በዘመናዊዎቹ ትምህርት ቤቶች ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ ይልቅ የገነነው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ስፍራውን ያዘ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፥ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ፥ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የባሕር ማዶ ሰዎች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ፥ የዚያ ጊዜ ተማሪ ወደደም ጠላም እንግሊዝኛን በየቀኑ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ አፍ ይሰማ ነበር። ተማሪውም ጥቂት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም አንድ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከአርባ በላይ ሆነዋል፤ አስተማሪውም ሆነ ተማሪው ቋንቋውን ከመጽሐፍ የተማሩት ናቸው። ይህ ነውር አይደለም፤ ትምህርት ለሰፊው ሕዝብ የመድረሱ ምልክት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሳይታሰብ በጆሮ ይገባ የነበረው ነገር፥ ዛሬ ታስቦበት ካልተሰጠ በቀር ከየትም አይመጣም።

ታስቦበት የመስጠቱ ነገር ደግሞ አንድ ጊዜ ሲነሣ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ኖሯል። በቀድሞው ሥርዓት የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ለእንግሊዝኛ ሰፊ ጊዜ ነበረው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተግባራዊ ሲሆን፥ ዐሥራ አንደኛና ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መሰናዶ ተብለው የዚያን ዓመት ሥራ እንዲረከቡ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ዓመትም ከዩኒቨርሲቲ ቀረ። መሰናዶው ግን ስሙን እንጂ ሥራውን በሚገባ አልተረከበም። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ጥሩ እንግሊዝኛ ይናገር ነበር፤ «አልገባኝም» የሚለውን ልጅ ለመስማት ግን ጆሮ አልነበረውም። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ከነእንግሊዝኛ ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፥ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ሆነው በተገኙ ጊዜ፥ ላላለፉት ልጆች የማካካሻ ትምህርት ተቋቋመ፤ በዚያም ውስጥ እንግሊዝኛ አለበት። የዚያ ውጤት ምክንያት ቋንቋ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ዳሩ ግን የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነውና፥ ጥያቄውን ያላነበበ ልጅ መልሱን ቢያውቅ እንኳ ምን ይጠቅመዋል?

እንግዲህ የጎደለው ምን ዓይነት እንግሊዝኛ ነው? ከአንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ ቢወሰድ፥ በላዩ ያሉት ቃላት ሦስት ወገን ሆነው ይገኛሉ። አንደኞቹ የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው፤ እነዚህን ተማሪው በታችኛው ክፍል ተምሯቸዋል። ሁለተኞቹ የሙያው ቃላት ናቸው፤ «ኤንዛይም»፥ «ክሮሞሶም»፥ «ፎቶሲንተሲስ» የሚሉት። ልጁን የሚያስቸግሩት እነዚህ ይመስላሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። መምህሩ በሰሌዳ ይጽፋቸዋል፤ ይተረጉማቸዋል፤ በፈተናም ይጠይቃቸዋል፤ ልጁም ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይጠራቸዋል። የሚያደናቅፉት ሦስተኞቹ ናቸው፤ «አሲዩም»፥ «ዲራይቭ»፥ «ኢምፕላይ»፥ «ዌርአዝ»፥ «ሪስፔክቲቭሊ» የሚሉትና የመሳሰሉት። እነዚህ የሙያውን ቃላት እርስ በርሳቸው የሚያያይዙ፥ አንዱን ነገር የሌላው ምክንያት ወይም ተቃራኒ የሚያደርጉ ቃላት ናቸው። የባዮሎጂ መምህሩ «የእንግሊዝኛ ናቸው» ብሎ ያልፋቸዋል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ «የሳይንስ ናቸው» ብሎ ያልፋቸዋል። በሁለት ባለርስቶች መካከል ያለ ድንበር ማንም እንደማያርሰው፥ እነዚህም ቃላት ጦም ያድራሉ።

የዚህ ወገን ቃላት ብዛት የሚያስፈራ አይደለም። በኒውዚላንድ በዌሊንግተን የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት አቭሪል ኮክስሄድ፥ ከ28 የትምህርት ዘርፎች 3.5 ሚሊዮን ቃላት ያህል የያዘ ጽሑፍ ሰብስበው መረመሩ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙትም ጥናት በሁሉም ዘርፍ የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይተው አወጡ። እነዚህ 570ዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ከመቶው ዐሥሩን እጅ ያህል ይሸፍናሉ። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሁለት ሺህ ያህል ተራ ቃላት የሚገኙበት ዝርዝር ከዚያው ጽሑፍ ሦስት አራተኛ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ ተራውን ቃል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ከእነዚያ 570ዎች በየዐሥሩ ቃል አንድ ጊዜ እየተደናቀፈ ይሄዳል ማለት ነው። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ባሉት አራት ዓመታት ቢከፋፈሉ ለአንድ ዓመት 143 ያህል፥ ለአንድ የትምህርት ሳምንት አራት ቃል ይደርሳል። አራት ቃል በሳምንት ማንንም መምህር አያደክምም፤ ያደከመው ሥራው የማን እንደ ሆነ አለመታወቁ ነው።

ከእነዚህም ይልቅ የከፉት ተማሪው የሚያውቃቸው የሚመስሉት ናቸው። «አካውንት» የሚለውን ልጁ ከባንክ ቤት ያውቀዋል። በፈተና ወረቀት ላይ ግን «አካውንት ፎር» ተብሎ ሲመጣ «ምክንያቱን አስረዳ» ማለት መሆኑን ማንም አልነገረውም። «ዲስክራይብ» ሲባል መልኩን ይናገር፥ «ኮምፔር» ሲባል ሁለቱን ያስተያይ፥ «ጀስቲፋይ» ሲባል ለፍርዱ ማስረጃ ያቅርብ ዘንድ ይጠበቅበታል። «ዲስከስ» ሲባል ደግሞ የሚቃረኑትን አሳቦች አቅርቦ መመዘን አለበት። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ለአራቱም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ ስለ ርእሱ የሚያውቀውን ሁሉ ከነትዝታው ይዘረግፋል። ዕውቀቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ነጥቡ ጎዶሎ ይሆናል፤ እርሱም በደል የተፈጸመበት ይመስለዋል። በእርግጥም ተበድሏል፤ የበደለው ግን ፈታኙ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በመንደር ጨዋታ «ውሃው በፀሐይ ተነነ፤ ደመናም ሆነ» ይባላል። የትምህርት መጽሐፍ ግን «በፀሐይ ሙቀት የሚደርሰው የውሃ ትነት ለደመና መፈጠር ምክንያት ነው» ይላል። ድርጊቱ ስም ሆነ፤ ስሙም በተራው ባለቤት ሆኖ ሌላ ድርጊት ሠራ። የእንግሊዝኛው ሳይንስ ከዳር እስከ ዳር በዚህ መንገድ የሚጻፍ ነው። አማርኛም ይህን ያውቀዋል፤ ተነነ ብሎ ትነት፥ ፈሰሰ ብሎ ፍሰት፥ ዐደገ ብሎ ዕድገት ይላል። ልጁ በገዛ ቋንቋው ይህን መለወጥ አስቀድሞ ቢያየው የእንግሊዝኛው አይከብደውም ነበር። ሁለተኛው ችግር ተራው ነው። አማርኛ «ትናንት ከጎንደር የመጣው መምህር» ብሎ ዝርዝሩን አስቀድሞ ስሙን ኋላ ያመጣል፤ ማሰሪያውን ደግሞ ለዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያቆየዋል። እንግሊዝኛ ግን «መምህሩ፥ የመጣው ትናንት ከጎንደር» እንደ ማለት ስሙን ጥሎ ዝርዝሩን ያስከትልለታል። ዝርዝሩ በረዘመ ጊዜ አማርኛ ያደገበት አንባቢ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን እንደ ነበረ ይጠፋበታል። ግእዝ የተማረ ሰው ግን ይህን ተራ ቀድሞ ያውቀዋል፤ «ብእሲ ዘመጽአ እምጎንደር» ብሎ ሰውየውን አስቀድሞ የመጣበትን ያስከትላልና።

ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው የጥርጣሬ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ሊቅ «ሜይ»፥ «ሳጀስትስ»፥ «ቴንድስ ቱ» እያለ ይጽፋል፤ «ሊሆን ይችላል»፥ «ያመለክታል»፥ «ያዘነብላል» ማለቱ ነው። ተማሪው ማስታወሻ ሲይዝ እነዚህን ቃላት እንደ ገለባ ያበጥራቸዋል፤ በደብተሩ የሚቀረው «ነው» ብቻ ነው። ሊቁ በጥርጣሬ ያቀረበውን ልጁ በማኅተም አጽድቆት ያድራል። ይህ የቋንቋ ስሕተት ብቻ መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን የማሰብ ስሕተት ነው። በማስረጃው ልክ መናገርን ያልተማረ ሰው የሐኪም ቤት ሪፖርት ሲጽፍ፥ የፍርድ ቤት አስተያየት ሲሰጥ፥ የመስኖ ጥናት ሲያዘጋጅ፥ «ነው» የሚላት ቃል በሌሎች ሕይወት ላይ ትፈርዳለች።

ይህ ሁሉ ሲነገር አዲስ የባሕር ማዶ ጥበብ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን ባልተወለዱበት ቋንቋ መማርን ያወቁት ትናንት አይደለም። የቤተ ክህነቱ ተማሪ አማርኛም ቢናገር ሌላ ቋንቋ፥ ግእዝ የእናቱ ቋንቋ አይደለም፤ ሆኖም በግእዝ ያነባል፥ በግእዝ ያስባል፥ በግእዝም ይቀኛል። ወደዚህ የሚደርሰው እንዴት ነው? ንባብ ብቻውን ዕውቀት እንዳልሆነ ያ ትምህርት ቤት ጠንቅቆ ያውቃልና፥ ንባብ ቤትን ለብቻው፥ ቅኔ ቤትን ለብቻው፥ ትርጓሜ ቤትን ለብቻው አቆመ። ቅኔ ቤት የገባው ልጅ አስቀድሞ ግስ ይማራል፤ አገባቡን ይለያል። ከዚያ ወዲያ ግን እየሰማ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፥ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፥ በዋዜማና በሥላሴ እያለፈ፥ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ራሱ ይቆጥራል። ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የቆጠረውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያቃናለታል። ከፍ ያሉት ደቀ መዛሙርት አስነጋሪ ሆነው የታናናሾቻቸውን ያዳምጣሉ፤ በዚህ ዘዴ አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይዞ ሁሉም በየዕለቱ ይታረማል። ትንሽ ሠርቶ፥ ወዲያው ታርሞ፥ ነገ ጥቂት ከፍ ያለውን መሥራት፤ የዛሬዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት ብዙ ወረቀት የጻፉበት ነገር ይህ ነው።

በዚያ ትምህርት ቤት የነበረው ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ ይስማማል ማለት ግን አይደለም። የመምህርን ቃል እንዳለ መያዝ በዚያ ትሕትና ነው፤ በዩኒቨርሲቲ የሌላውን ቃል ስሙን ሳይጠሩ ማስፈር ስርቆት ይባላል። ብዙ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በዚህ ተከሰው ሲያለቅሱ ይታያል፤ በልባቸው አክብሮት እንጂ ሌብነት አልነበረምና። ሆኖም ለዚህም መልሱ ከዚያው ቤት ይገኛል። የትርጓሜ መምህር «አንድም» እያለ አንዱን ፍቺ ከሌላው ለይቶ ያቀርባል፤ አሳብን ከአሳብ ሳይደባልቅ ጎን ለጎን ማቆም ማለት ነው። ምንጭ መጥቀስን ለተማሪ ማስረዳት የሚፈልግ መምህር ከ«አንድም» ቢነሣ፥ የቅጣት ደንብ ከማንበብ ይልቅ ቶሎ ይገባለታል።

የጎረቤት አገሮችም በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ስዌልስ የሚባሉት እንግሊዛዊ መምህር ለየፋኩልቲው ተማሪ የሚስማማውን እንግሊዝኛ ያዘጋጁ ነበር። እኚህ ሰው ኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የምርምር ጽሑፍ መግቢያ ሦስት እርምጃ እንዳለው አሳዩ፤ ጸሐፊው አስቀድሞ የጉዳዩን ክብደት ይናገራል፥ ቀጥሎ ሌሎች ያልደረሱበትን ክፍተት ያመለክታል፥ በመጨረሻ የራሱን ሥራ በዚያ ክፍተት ያቆማል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊም አመልካቹ ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ደረሰበት፥ ምን ዳኝነት እንደሚጠይቅ ተራውን ጠብቆ ይጽፋል፤ ተራውን ካፋለሰ ዳኛው አያነብለትምና። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ከ1990 እ.ኤ.አ. በኋላ ማስተማሪያውን ወደ ዐረብኛ ለወጠ፤ ያ የሱዳኖች ውሳኔ ነው፤ ሥራው ያስገኘው ዕውቀት ግን ለሁሉም ቀርቷል። በዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲም ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል በ1978 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። በዚያ አገር ልጆች የአንደኛ ደረጃን በስዋሒሊ ፈጽመው በሁለተኛ ደረጃ በድንገት ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ክሪፐርና ዶድ ያቀረቡት የምርመራ ሪፖርትም ብዙዎቹ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል እንደሚሳናቸው ገልጿል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ እንግሊዝኛውን ከታች፥ ከሕፃንነት ጀምሮ ማስተማሪያ እናድርገው» የሚል አሳብ በወላጆች ዘንድ ይሰማል። ይህ አሳብ መልካም ምኞት አለው፤ መንገዱ ግን አያደርስም። በካናዳ የመረመሩት ጂም ከሚንስ፥ ከሌላ አገር መጥተው በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች የጨዋታውን ቋንቋ በሁለት ዓመት ያህል ሲይዙ፥ የትምህርቱን ቋንቋ ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚፈጅባቸው አሳይተዋል። እንግሊዝኛ በየመንገዱ በሚነገርበት አገር ይህን ያህል ከፈጀ፥ ከክፍል ሲወጣ በማይሰማበት አገር ስንት ይፈጃል? በ1999 ዓ.ም. ካትሊን ሂዩና ባልደረቦቻቸው ለኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡት ጥናት ደግሞ፥ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ልጆች በስምንተኛ ክፍል ምዘና በጠቅላላው የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አመልክቷል። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ማስረጃንና አሳብን መለየት የለመደ ልጅ፥ ያን ልማድ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። በእናቱ ቋንቋ ያላሰበውን በሰው ቋንቋ ሊያስበው አይችልም።

ስለዚህም የሳይንስ መምህሩ በክፍል ውስጥ ነገሩን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በማስረዳቱ ሊነቀፍ አይገባም። የሚነቀፈው አስረድቶ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ መምህሩ በእንግሊዝኛ ማስታወሻውን በሰሌዳ ይጽፋል፤ በአማርኛ ያስረዳል፤ ተማሪው በአማርኛ ይረዳል፥ በእንግሊዝኛ ይገለብጣል። በሁለቱ መካከል ድልድይ የለም። አምስት ደቂቃ ብቻ ቢጨመር፥ ወደ እንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ተመልሶ «ይህች ዌርአዝ የምትለው ቃል አሁን ከተባለው ውስጥ የትኛዋ ናት?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ቀጥሎም አንዱ ልጅ መጽሐፉን ዘግቶ ነገሩን በራሱ እንግሊዝኛ ቢናገር፥ ድልድዩ ይሠራል። እንግሊዝኛው የተሰበረ ሊሆን ይችላል፤ ጉባኤ ቃናም መጀመሪያ ተሰብሮ ነው የሚነገረው። «ጊዜ የለም፥ መጽሐፉን መጨረስ አለብኝ» የሚል መምህር ቢኖር እውነቱን ነው፤ ነገር ግን መምህሩ የጨረሰውን መጽሐፍ ተማሪው ካልጀመረው ማን ጨረሰው ይባላል?

ማስታወሻ መያዝም እንዲሁ ነው። በሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ይጽፋል፥ ተማሪው ይገለብጣል፤ በዩኒቨርሲቲ መምህሩ ይናገራል፥ የሚጽፍ የለም። ይህ ገደል ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ በየጥቂቱ ሊሞላ ይገባዋል። መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀምጦ ዐሥር ደቂቃ ይናገር፤ ተማሪዎቹ የሰሙትን ይጻፉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ያስተያዩ። መጀመሪያ የሚገኘው ውጤት ያሳፍራል። ቆይቶ ግን ልጆቹ ተናጋሪው «ኦን ዘ አዘር ሃንድ» ሲል ገጹን ለሁለት መክፈልን፥ «ፎር ኢንስታንስ» ሲል ምሳሌ እንጂ ዋና ነጥብ አለመሆኑን ይለያሉ።

መጻፍ ከሁሉ የተረሳው ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው፤ እንግሊዝኛውም ጭምር። ፈተናው ያልጠየቀውን ትምህርት ቤት አያስተምርም፤ ስለዚህ አንድ ወጣት በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ አንቀጽ በራሱ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። በዩኒቨርሲቲ ግን ዘገባ፥ የቤት ሥራ፥ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠብቀዋል። ከምርጫ ጥያቄ በቀጥታ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ መዝለል፥ ጉባኤ ቃና ያልቆጠረን ልጅ መወድስ ተቀኝ እንደ ማለት ነው።

መምህራን በዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ እርሱም ተገቢ ነው። በአንድ ክፍል ስድሳ ልጅ ተቀምጦ፥ አንዱ መምህር አምስት ክፍል የሚያስተምር ቢሆን፥ በየሳምንቱ ሦስት መቶ ወረቀት ማን ያርማል? ማንም አያርም። ግን ሁሉን መምህሩ ያርም ያለ የለም። ሁሉም ተማሪ በየሳምንቱ አምስት ወይም ስድስት ዐረፍተ ነገር ያላት አንቀጽ ይጻፍ፤ መምህሩ ከየክፍሉ በተራ የዐሥራ ሁለቱን ብቻ ይውሰድ፤ ስድሳ አጫጭር ወረቀት ይሆናል፤ እያንዳንዱም ልጅ በየአምስት ሳምንቱ የመምህሩን እርማት ያገኛል። የቀሩትን ጎበዞቹ ልጆች አስነጋሪ ሆነው ከጓደኞቻቸው ጋር ይዩ። እርማቱም በቀይ ቀለም ገጹን ማልበስ አይሁን፤ ሃያ ስሕተት የተመለከተለት ልጅ የሚያየው ቀለሙን እንጂ ስሕተቱን አይደለም። አስቀድሞ አሳቡ ይያያዝ እንደ ሆነ፥ ለተናገረው ምክንያት ሰጥቶ እንደ ሆነ ይታይ፤ የ«ኤስ» ፊደል መጉደል ቆይቶ ይታረማል። የሚጻፍበትም ርእስ «የዕረፍት ጊዜዬን እንዴት አሳለፍሁ» የሚለው ባይሆን ይመረጣል። የዚያው ሳምንት የጂኦግራፊ ወይም የኬሚስትሪ ትምህርት ርእስ ይሁን፤ ሁለቱ መምህራን በዚያ ድንበር ላይ የሚገናኙት ያን ጊዜ ነው።

ለዚህ ደግሞ ዲሬክተሮች የአዲስ አበባን ደብዳቤ መጠበቅ አያሻቸውም። ብሔራዊው ፈተና በእጃቸው የለም፤ የክፍል ውስጥ ምዘና ነጥብ ግን በትምህርት ቤቱ እጅ ነው፤ ከእርሱ ላይ ጥቂቱ ለተጻፈ አንቀጽ ሊሰጥ ይችላል። የእንግሊዝኛውና የሳይንሱ መምህራን በሳምንት ግማሽ ሰዓት አብረው የሚቀመጡበት፥ የመጪዋን ሳምንት አራት ቃልና አንድ ርእስ የሚመርጡበት ጊዜም በሰሌዳ ካልሰፈረ አይገኝም። ሰሌዳው የሚወጣው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍለ ጊዜ ሁሉ ባለቤት ያገኛል፤ ይህች ግማሽ ሰዓትም እስከ ሚቀጥለው ዓመት ድረስ ስፍራ አይኖራትም።